የታይሮይድ የዓይን ሕመምና የአንጎል ትስስር፦ «አንጎሌ ተጎድቷል ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ግሬቭስ የሚባለው የታይሮይድ ሕመም ከተገኘብኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ዓይኖቼ ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ ወደ ላይ ስመለከት ነገሩ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ሆርሞንሽ ተስተካክሏል ተብያለሁ፤ ግን ነገር ይረሳኛል፣ ሳነብ ሐሳቤ ይበተናል። በቅርቡ ይህ የዓይን ሕመም በአንጎል ክፍሎች መካከል ያለውን ትስስር እንደሚቀይር አንብቤ ደነገጥኩ። አንጎሌ ተጎድቷል ማለት ነው? የአንጎል ኤምአርአይ ልነሳ? ከታከምኩስ ይመለሳል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ያነበቡት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ግን እርስዎ የፈሩትንም አይልም። ተመራማሪዎች የዚህ ሕመም ታማሚዎችን በቡድን ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽሩ በአንጎል የሥራ ምት ላይ ልዩነት አግኝተዋል። ልዩነቱ የቡድን አማካይ ነው። ቁስል አይደለም፣ ዕጢ አይደለም፣ የሞተ ሕዋስም አይደለም። የአንድን ሰው የትስስር ምስል ብቻ አይቶ «ይህ ሰው የታይሮይድ የዓይን ሕመም አለበት» ወይም «አእምሮው ደክሟል» ሊል የሚችል ሐኪም የለም። ስለዚህ ትስስርን ለማወቅ ብለው ኤምአርአይ መነሳት አያስፈልግዎትም። የመርሳቱና የሐሳብ መበተኑ ነገር ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይገኛል።

ሕመሙ የት እንደሚካሄድ መለየት ግማሹን ፍርሃት ያቃልላል። በግሬቭስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የታይሮይድ ዕጢን ያለ ልክ የሚያነቃቃ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል የሚጣበቅበት ተቀባይ ከዕጢው ሌላ በዓይን ጎድጓዳ ውስጥ ባሉ ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ላይም ይገኛል፤ ኢንሱሊን መሰል የዕድገት አነቃቂ 1 የሚባለው ንጥረ ነገር ተቀባይም አብሮት ይሠራል። ሕዋሳቱ ሲነቃቁ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያመርታሉ፣ እሱም ውኃ ይስባል፣ ጡንቻውና ስቡ ያብጣል። ጎድጓዳው በአጥንት የታጠረ ነውና ያበጠው ነገር ዓይንን ወደ ፊት ይገፋል። ከጡንቻዎቹ በብዛት የሚጠቃው ከዓይን ሥር ያለው ነው፤ ወደ አፍንጫ በኩል ያለው ይከተለዋል። የሥረኛው ጡንቻ ሲደድር ዓይኑ ወደ ላይ እንዳይዞር ይይዘዋል፤ ወደ ላይ ሲያዩ ሁለት የሚታይዎት በዚህ ነው። ይህ ሁሉ ከአንጎል ውጭ የሚሆን ነው፤ እብጠቱም ወደ አንጎል አይዘልቅም። አደገኛው ቦታ የጎድጓዳው ጫፍ ነው፤ ያበጡት ጡንቻዎች እዚያ ላይ የዓይን ነርቭን ሊጨቁኑት ይችላሉ። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ሲደርስ ግን አስቸኳይ ነው።

ታዲያ አንጎል ውስጥ ምን ተለካ? በእነዚህ ጥናቶች የሚሠራበት የእረፍት ጊዜ ተግባራዊ ኤምአርአይ ነው። ተመርማሪው ምንም ሥራ ሳይሰጠው መሣሪያው ውስጥ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ይተኛል። መሣሪያው በየ2 ሰከንዱ ገደማ መላውን አንጎል ያነሳል፤ በ8 ደቂቃ 240 ምስል ይሆናል። አንጎሉ በምስሉ ላይ ጎናቸው 3 ሚሊሜትር አካባቢ በሆኑ ኩቦች፣ በተመራማሪዎቹ አጠራር በቮክሰሎች፣ ይከፋፈላል። የሚለካው የነርቭ ሕዋሳቱ ኤሌክትሪክ ሳይሆን በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚያስከትለው የመግነጢስ ለውጥ ነው። ይህን የምልክት ምንጭ ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳዩ። ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1995 ሰው እጁን ሳያንቀሳቅስ ተኝቶ እንኳ የግራና የቀኝ የእንቅስቃሴ ክፍሎች ምልክት አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አገኙ። ተመራማሪዎቹ የሚከታተሉት ዝግ ያለውን ሞገድ ነው፤ አንዱ ዙር ከ12 እስከ 100 ሰከንድ የሚፈጅ።

«ትስስር» የተባለው እንግዲህ የሁለት ቦታዎች ሞገድ ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 ይደርሳል። ሽቦ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሙዚቃ እኩል ራሳቸውን ቢነቀንቁ እርስ በርስ ተነጋግረዋል አይባልም፤ እዚህም እንዲሁ ነው። ትስስሩ «ቀነሰ» ሲባል መንገዱ ተቆርጧል ማለት አይደለም፤ በዚያ 8 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ቦታዎች አብረው የመሄዳቸው መጠን አነሰ ማለት ነው። የአንጎል ክፍሎችን የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች የሚያየው ሌላ የኤምአርአይ ዘዴ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ስለሚበዛ ሲያነቡ ይጠንቀቁ።

ከዚህ ሌላ ሁለት መለኪያዎች በጥናቶቹ ውስጥ ይደጋገማሉ። አንዱ የዝግ ሞገዱ ስፋት ነው፤ ቦታው በእረፍት ጊዜ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይናገራል። ሌላው የአካባቢ ተመሳሳይነት ሲሆን፣ አንድ ቮክሰል ከቅርብ ጎረቤቶቹ ጋር ምን ያህል እኩል እንደሚሄድ ያሳያል። እነዚህ ሁለቱ በቀጥታ ትስስር ባይሆኑም በአጭር ዜና ላይ ሁሉም «የአንጎል ትስስር» ተብለው ይቀርባሉ።

በታይሮይድ የዓይን ሕመም ላይ እስካሁን ከታተሙት ጥናቶች አብዛኞቹ ከቻይና ሆስፒታሎች የወጡ ናቸው፤ በአንድ ጥናት የሚካተቱት ታማሚዎችም ብዙ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ደጋግሞ የሚመጣው ግኝት ያለው በአንጎል የኋላ ክፍል፣ በእይታ ቅርፊት ነው፤ ሞገዱ ደክሞ ወይም ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ትስስር ቀንሶ ይገኛል። ዓይን ያየውን ነገር ቦታ የሚለየው የጎን የላይኛው ክፍል፣ የዓይን እንቅስቃሴን የሚያርመው ሴሬቤለም፣ ከስሜትና ከትኩረት ጋር የተያያዙት የፊትና የመሐል ክፍሎችም በአንዳንዶቹ ላይ ተጠቅሰዋል። እዚህ ላይ ግን ውጤቶቹ እርስ በርስ አይገጥሙም፤ አንዱ ጨመረ ያለውን ሌላው ቀነሰ ይላል። የእይታ ቅርፊቱ ግኝት የበለጠ እምነት የሚጣልበት ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ዓይን የሚልከው ምስል ሲበላሽ ያ ቦታ እንደሚለወጥ በሌሎች የዓይን ሕመሞችም ታይቷል።

ቁጥሮቹን በተመለከተ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አንጎል በ90 ክፍሎች ከተከፈለ ሊመረመሩ የሚችሉት ጥንዶች 4,005 ናቸው። በተለመደው የ5 በመቶ የስህተት ገደብ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ 200 ገደማ ጥንዶች በአጋጣሚ «ልዩነት አለ» ይላሉ። ስለዚህ ጥናቱ ለዚህ እርማት አድርጓል ወይ ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ እርማት ተደርጓል ተብሎም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ የታወቀ ሥራ በወቅቱ በብዛት ይሠራባቸው የነበሩ የእርማት ዘዴዎች ከሚገባው በላይ የሐሰት ግኝት እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። በተጨማሪም ቡድኑ 30 ሰው ከሆነ ሁለት ነገሮች ተዛመዱ ለመባል የዝምድናው ቁጥር ከ0.36 በላይ መሆን አለበት። እውነተኛው ዝምድና 0.2 ብቻ ቢሆን ጥናቱ ወይ ሳያገኘው ያልፋል፣ ወይ አግንኖ ያወጣዋል፤ መካከለኛ ዕድል የለውም። «ትስስሩ ከእይታ ጥራት ጋር በ0.5 ተዛምዷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ።

ለእርስዎ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ያው ሰው ሁለት ጊዜ ቢለካ አንዲቷ የትስስር መስመር ምን ያህል ትደገማለች? እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠና ሥራ አማካዩን 0.29 አድርጎታል፤ 1 ፍጹም መደጋገም በሆነበት መለኪያ ይህ ደካማ ነው። በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ መለኪያ ለአንድ ታማሚ ውሳኔ አይሆንም። ለቡድን ጥናት ይበቃል፤ የአንድ ሰው ስህተት በብዙዎች አማካይ ውስጥ ስለሚጠፋ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? የዓይን ሕመሙ ብቻውን ነው ለማለት የሚያስቸግሩ አምስት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ተደራርበውም ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ዓይን ራሱ የሚልከው ምስል ነው። የእንባ መድረቅ ምስሉን ያደበዝዛል፣ የጡንቻ መደደር ሁለት ያደርገዋል፣ የነርቭ መጨቆን ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ሕፃን ልጅ ሁለት ምስል ሲያጋጥመው አንጎሉ አንዱን ማፈን ይለምዳል፤ የአዋቂ አንጎል ይህን በቀላሉ አያደርግም። ስለዚህ ሁለቱን ምስል አንድ ለማድረግ ያለማቋረጥ ይታገላል፤ አንገት ዘንበል ይላል፣ አገጭ ቀና ይላል፣ አንድ ዓይን ይጨፈናል። ይህ ትግል ትኩረት ይበላል። ጡንቻው ሲደድር ደግሞ አንጎል «ይህን ያህል ዞር» ብሎ የላከው ትእዛዝና ዓይኑ የዞረው መጠን አይገጥምም፤ ሴሬቤለም ይህን ልዩነት እየለካ ማረም ሥራው ነው። በዚያ አካባቢ ለውጥ መታየቱ ጉዳት ሳይሆን የተጨመረ ሥራ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

ሁለተኛው ሆርሞኑ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ዓይን ባይነካም አንጎል ይነካል። በስዊድን ጎተንበርግ ግሬቭስ ባለባቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ሆርሞኑ በበዛበት ወቅት ከትውስታና ከስሜት ጋር የተያያዙት የአንጎል የጎን ውስጠኛ ክፍሎች መጠን አንሶ ተገኝቷል፤ ሕክምና ከተደረገ ከ15 ወራት በኋላ ሲለካ ግን አገግሟል። ይህ ለጥያቄዎ የመጨረሻ ክፍል ያለን ጠንካራው መልስ ነው። ሆርሞን የልብ ምትንና የደም ፍሰትንም ስለሚቀይር፣ ምልክቱ ከደም የሚነሳው ይህ ኤምአርአይ የነርቭ ሥራ ሳይለወጥ እንኳ የተለወጠ ሊያስመስለው ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ጥናቱ ሦስት ቡድን ያስፈልገዋል፤ የዓይን ሕመም ያለባቸው፣ ግሬቭስ ኖሯቸው ዓይናቸው ያልተነካ፣ እና ጤነኞች። ሁለተኛው ቡድን የሌለበት ጥናት «የዓይን ሕመሙ ያመጣው» የሚል ድምዳሜ ላይ ለመድረስ መብት የለውም።

ሦስተኛው ስሜትና እንቅልፍ ነው። የፊት መልክ ሲቀየር፣ ሰው ሲያፈጥ፣ ፎቶ መነሳት ሲያስጠላ ጭንቀትና ድባቴ መምጣታቸው የታወቀ ነው። ድባቴና እንቅልፍ ማጣት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የእረፍት ጊዜ ትስስርን ይቀይራሉ። ጥናቶቹ የስሜት መጠይቅ የሚያስሞሉትም ለዚህ ነው፤ ነጥቡ ከትስስሩ ጋር ሲዛመድ የቱ የቱን እንዳመጣ ግን አይናገርም።

አራተኛው መድኃኒት ነው። ንቁ ለሆነ (እብጠቱ ገና እየሠራ ላለ) መካከለኛና ከባድ ሕመም በደም ሥር የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት፣ በተለመደው አሰጣጥ በሳምንት አንድ ጊዜ 500 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ 250 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት ነው፤ ድምሩ 4.5 ግራም። ስቴሮይድ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያበሳጫል፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያስፈነድቃል፣ ትውስታንም ለጊዜው ያዳክማል። በአፍ የሚወሰደው ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ40 ሚሊግራም ሲያልፍ የአእምሮ ምልክቶቹ እየበዙ እንደሚሄዱ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ለልብ ምት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም ወደ አንጎል የሚገባ መድኃኒት ነው፤ ድካምና ቅዠት ያመጣል።

አምስተኛው የምርመራው አሠራር ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ተመርማሪዎች «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ይባላሉ። ዓይኑ በጣም የወጣ ሰው የዓይን ቆቡ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ በስንጥቁ ብርሃን ይገባል። ዓይን መጨፈንና መክፈት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚቀይረው የእይታ ቅርፊትን ምልክት ነው፤ ልዩነት ተገኘበት የተባለውን ያንኑ ቦታ። «ዓይናችሁን ከፍታችሁ ከፊታችሁ የምትታየውን መስቀል ተመልከቱ» ቢባል ደግሞ ሁለት መስቀል የሚያይ ሰው ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያንቀሳቅሳል፤ ያ እንቅስቃሴ ራሱ አንጎል ላይ ይታያል። መፍትሔው ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ማጨለም ወይም ለታማሚውም ለጤነኛውም እኩል አንድ ዓይን መሸፈን ነው። የእጅ መንቀጥቀጥና እረፍት ማጣትም ጭንቅላትን ያንቀሳቅሳሉ፤ የጭንቅላት እንቅስቃሴ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ሲሆን እንኳ ረጅሞቹን ትስስሮች ያዳክማል፣ አጫጭሮቹን ያጠነክራል። ጥናቱ ሁለቱ ቡድኖች እኩል መንቀሳቀሳቸውን ካላሳየ ውጤቱን በጥርጣሬ ያንብቡት።

ከዚህ ተነስተን ወደ እርስዎ እንምጣ። ሳነብ ሐሳቤ ይበተናል ላሉት በቤትዎ የሚሠራ ቀላል ፍተሻ አለ። አንድ ቀን 10 ደቂቃ እንደተለመደው ያንብቡ። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ዓይንዎን ሸፍነው 10 ደቂቃ ያንብቡ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ከፍተው፣ ግን ከመጀመርዎ በፊት ሰው ሠራሽ እንባ ጨምረው፣ በየገጹም ሆን ብለው ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ እየጨፈኑ ያንብቡ። ሲሸፍኑ ከቀለለዎት ችግሩ ሁለቱን ምስል አንድ የማድረግ ትግል ነው፤ ሁለት መታየቱ ወደ ላይ ሲያዩ ብቻ ቢጎላም ፊት ለፊትና ወደ ታች ሲያዩም በኃይል ተይዞ የቆመ ሊሆን ይችላል። በእንባው ከቀለለዎት ድርቀት ነው፤ ሰው ሲያነብ ዓይን ማርገብገቡ ስለሚቀንስ እንባው ይሰነጠቃል። በሁለቱም ካልተለወጠ መንስኤውን ከዓይን ውጭ መፈለግ ይገባል።

ለሁለት መታየት ፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃንን የሚያጠፍ የመነጽር መስታወት፣ ይሠራል። ሕመሙ ገና የሚለዋወጥ ከሆነ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ቀጭኑ ፕሪዝም ይመረጣል፤ ልኩ ሲቀየር ተልጦ ይቀየራል። ካልረዳ የአንዱ መነጽር ገጽ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ግን ምስል የሚጋርድ ፕላስተር መለጠፍ በቂ ነው። የጡንቻ ቀዶ ሕክምና ልኬቱ ቢያንስ ለ6 ወር ሳይለወጥ ሲቆይ ነው፤ ቀድሞ የተሠራ እንደሆነ ሕመሙ ሲቀየር አሰላለፉም አብሮ ይበላሻል። ጎድጓዳውን የማስፋት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግ ከሆነም እሱ ይቀድማል፣ ጡንቻው ይከተላል፣ የዓይን ቆብ በመጨረሻ ይሠራል። ቅደም ተከተሉ የሚጠበቅበት ምክንያት ማስፋቱ ጡንቻዎቹን፣ የጡንቻው ሥራ ደግሞ የዓይን ቆቡን ስለሚያንቀሳቅስ ነው።

«ሆርሞንሽ ተስተካክሏል» የሚለውን ቃል ቁጥር ያስይዙት። ነጻ ቲ4 እና ቲ3 (ታይሮይዱ የሚያመርታቸው ሆርሞኖች) እንዲሁም ቲኤስኤች (ታይሮይዱን የሚያዘው፣ ሆርሞኑ ሲበዛ ዝቅ የሚለው) ሦስቱም ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደተለኩ ይጠይቁ። ሕክምና ሲጀመር ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ እሱን ብቻ አይቶ ታይሮይድን የሚያዳክመውን መድኃኒት የሚጨምር ሰው ታማሚውን ወደ ሆርሞን ማነስ ይገፋዋል። የሆርሞን ማነስ ደግሞ ያስረሳል፣ ያዘገማል፣ ዓይኑንም ያባብሳል። በእኔ ግምት «ሆርሞኔ ጥሩ ነው፣ ግን አእምሮዬ ደፍኗል» ከሚሉ ታማሚዎች ላይ በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው። ለፀጉር መነቃቀል ብለው ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ከደም ምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ያቁሙ፤ ብዙ የላቦራቶሪ ዘዴዎች በባዮቲን ተታለው ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርገው ያወጣሉ፤ የሌለ ግሬቭስም እስከማሳየት ይደርሳሉ።

በዚያው ቀጠሮ ቫይታሚን ቢ12፣ የደም ማነስና የብረት ክምችት ይታዩ። ግሬቭስ ያለበት ሰው ቢ12 እንዳይመጠጥ የሚያደርግ ሌላ የራስ መከላከያ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ በቀላሉ ይታከማል። ለስሜት 14 ጥያቄ ያለው የሆስፒታል የጭንቀትና የድባቴ መጠይቅ ይበቃል፤ ለጭንቀት ለብቻው፣ ለድባቴ ለብቻው ከ0 እስከ 21 ይሰጣል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የመርሳቱ ነገር እውነተኛ የአእምሮ ድክመት መሆኑን ለመለየት ከ30 የሚታረመው የሞንትሪያል የአእምሮ ብቃት ፈተና አለ፤ 26 እና በላይ ደህና ይባላል፣ የተፈታኙ የትምህርት ዘመን አጭር ከሆነ አንድ ነጥብ ይጨመራል። ፈተናው ላይ ግን ሥዕል መቅዳትና ማየት ስላለ እይታዎ እየተቸገረ ከሆነ ለፈታኙ አስቀድመው ይንገሩ፤ አለበለዚያ የዓይን ችግር የአእምሮ ችግር ሆኖ ይመዘገባል።

ኤምአርአይ ጭራሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የዓይን ጎድጓዳ ኤምአርአይ ጡንቻው በእብጠት ውኃ የተሞላ ነው ወይስ ወደ ጠባሳ ተለውጧል የሚለውን ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ስቴሮይድ ይጠቅማል አይጠቅምም ለሚለው ውሳኔ ይረዳል። ሲቲ ስካን አጥንቱን ስለሚያሳይ ከማስፋት ቀዶ ሕክምና በፊት ይፈለጋል። ለዚህ ሕመም ሲቲው ያለ ቀለም ይበቃል፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው አዮዲን ታይሮይዱን ሊያናውጥ ስለሚችል ሕመምዎን ለባለሙያው ይንገሩ። የመላ አንጎል ኤምአርአይ የሚታዘዘው ሌላ ጥርጣሬ ሲኖር ነው፦ የሚጥል በሽታ፣ ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የማይለቅ አዲስ ራስ ምታት። በጣም አልፎ አልፎ ከታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካላት ጋር የሚታይና ለስቴሮይድ የሚታዘዝ የአንጎል ሕመም አለ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በግራ መጋባት፣ በጡንቻ መንዘርና በሚጥል በሽታ ይመጣል።

ይመለሳል ወይ ላሉት፦ ከሆርሞን የመጣው ክፍል በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ የደም ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል። ከተበላሸ ምስል የመጣው ምስሉ ሲጠራ የሚሻሻልበት ምክንያት አለ፤ የዓይን ሞራ ከወጣላቸው ሰዎች የእይታ ቅርፊት ምላሽ እንደሚጨምር ታይቷል። ለረጅም ጊዜ ከተጨቆነና ክሮቹ ከሞቱ የዓይን ነርቭ የሚመጣው ግን አይመለስም። ለዚህ ነው አንጎልን ለመጠበቅ የሚከፈለው ጥንቃቄ ሁሉ ነርቩ ላይ መዋል ያለበት። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም ከየትኛውም እንክብል ይበልጣል፤ ሲጋራ ሕመሙን ከማባባሱ ሌላ የመድኃኒቱን ውጤትም ይቀንሳል። ቀላል ሆኖ ገና ለጀመረ ሕመም ሴሌኒየም 100 ማይክሮግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ወር ይሰጣል፤ የእርስዎ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውና ሁለት የሚያሳየው ስለሆነ ብዙ አይጠብቁበት። ታይሮይዱን በጨረር የሚያዳክመው የራዲዮአዮዲን ሕክምና ከታሰበ ዓይንዎ ንቁ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ይመዘን፤ ንቁ ዓይን ላይ ያለ ስቴሮይድ መከላከያ ሊያባብስ ይችላል። ቴፕሮቱሙማብ የተባለው የዚህ የዓይን ሕመም መድኃኒት የሚሰጥዎት ከሆነ፣ በየ3 ሳምንቱ 8 ጊዜ በደም ሥር የሚገባው ማለት ነው፣ ከመጀመሩ በፊት የመስማት ምርመራና የደም ስኳር ይለኩ፤ መስማትን ሊቀንስና ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ መብራት፣ አንድ ዓይን እየሸፈኑ አንድ ቀይ ነገር ይመልከቱ። በአንዱ ዓይን ቀዩ ገርጥቶ ወይም ቡናማ መስሎ ከታየዎት፣ እይታው ከደበዘዘና በመጨፈን ካልጠራ፣ ወይም ዓይኑ አልገጥም ብሎ ጥቁሩ ክፍል ካመመና ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የነርቭ መጨቆን ሲረጋገጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር ወዲያው ይጀመራል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ በቂ መሻሻል ካልመጣ ጎድጓዳውን የማስፋት ቀዶ ሕክምና ሳይዘገይ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ከሌለብዎት፣ ሦስቱ የሆርሞን ቁጥሮች በልካቸው ለ6 ወር ቆይተው፣ እይታዎ በፕሪዝም ተስተካክሎ፣ እንቅልፍዎም ተመልሶ ሳለ መርሳቱ ካልቀነሰ፣ ያኔ የነርቭ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ፤ ሲሄዱም የሆርሞን ውጤቶቹን ከነቀናቸው፣ የወሰዱትን ስቴሮይድ ድምር በግራም ጽፈው ይያዙ።